አዲሱ አሰልጣኝ የመጣ ዕለት

«ሜምፊስን አልፏል!» ይላል ፒክአፑ ላይ የቆመው ፀጉር አስተካካይ፣ የአውሮፕላኑን ጉዞ ከሚከታተልበት ስልክ ዓይኑን ሳይነቅል።

ሁለት መቶ ሰው ያህል የትንሿን አውሮፕላን ማረፊያችንን የሽቦ አጥር ተደግፈን ቆመናል። ግማሹ ታጣፊ ወንበሩን ዘርግቷል፤ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ የመጣም አለ። አዲሱ አሰልጣኝ አውሮፕላኑ ውስጥ ነው ተብሏል። ያረጋገጠ የለም፣ የአውሮፕላኑን ቁጥር ግን ሁሉም በቃሉ ይዞታል።

ባሌ ሉሸስ ከዐርብ ጀምሮ እህል በአፉ አልዞረም ማለት ይቻላል። ዐርብ ዕለት ነው የዩኒቨርሲቲያችን የአሜሪካን ፉትቦል አሰልጣኝ ጥሎን የሄደው፤ አንድ ጨዋታ እየቀረን፣ ወደ አንድ ሀብታም ዩኒቨርሲቲ።

«ከሃዲ!» ይላል ሉሸስ ሽቦውን እየነቀነቀ። «እኛ ቤት ገብቶ፣ አሳችንን በልቶ!»

«ሁለት ሳህን» እለዋለሁ።

«ሦስት! ሦስተኛውን ያወጣሁለት እኔ ነኝ።»

እውነቱን ነው። ከሦስት ዓመት በፊት አሰልጣኙ ልጃችንን ካምሪንን ለቡድኑ ፈልጎ ወጥ ቤታችን ድረስ መጥቶ ነበር። ካምሪን ግራ ጠባቂ ነው፣ ኳስ ወርዋሪውን በግራ በኩል የሚከላከል፤ በሩን ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው። ሰውየው እጄን በሁለት እጁ ይዞ «ሚስ ቨርኔል፣ ልጅዎን ከነዲግሪው አስረክብዎታለሁ» አለኝ። ከቤታችን ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው የለም። አመንኩት።

ሲሄድ ለዘጠና ልጆች አንድ መልእክት ነው የላከው። ካምሪን ለእኔም አሳለፈልኝ። ቀስ ብዬ ነው የማነበው፤ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። «ውሳኔው ከባድ ነበር፣ ሁላችሁንም እወዳችኋለሁ» ይላል። የልጄን ስም ፈለግሁ። የለም።

ከኋላችን ወንበር ላይ የተቀመጡት ሴትዮ አፍንጫቸውን ያብሳሉ። «ልጄ ስትዳር እንኳ እንዲህ አላለቀስኩም።»

«አማችሽ ኳስ አይችልማ!» ይላቸዋል አንዱ፣ ሰው ሁሉ ይስቃል።

«የከሃዲው ቤት ግቢ ውስጥ ያለውን ዛፍ ሁሉ ማታ ለውርደቱ በሽንት ቤት ወረቀት ጠቅልለንለታል» ይላል ሌላው። «ትልቁን ዋርካ የእኔ ወንድም ነው የወጣው።»

«ሚስቱና ልጆቹ እኮ ገና እዚያው ናቸው» እላለሁ።

«ወረቀቱን እነሱ ይፍቱታ!»

ሉሸስም ይስቃል። እኔ አልቻልኩም። አዲስ አሰልጣኝ ሲመጣ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። የራሱን ተጫዋቾች ይዞ ይመጣል፤ የማይፈልገውን ቢሮው ጠርቶ፣ ወንበር ስቦ አስቀምጦ፣ ሌላ ቦታ ፈልግ ይለዋል። የጎረቤታችን የሚስ ኦዴሳ ልጅ እንዲህ እየተባለ በአራት ዓመት ሦስት ዩኒቨርሲቲ ዞረ። አንዱ ጋ የተማረውን ሌላው አልቀበልም አለው። አሁን ዶሮ ማረጃው ፋብሪካ ነው የሚሠራው፣ ያለ ዲግሪ፣ በተሰበረ ጉልበት። ካምሪን ሊጨርስ አንድ ዓመት ተኩል ነው የቀረው።

ዛሬ ጠዋት ደውሎ ነበር።

«እማ፣ እንዳትጨነቂ።»

«ማን ተጨነቀ?»

«ደግሞ ሰውየውን እንዳታናግሪው። በእግዜር ይዤሻለሁ። ጓደኞቼ ዓመቱን ሙሉ ነው የሚስቁብኝ።»

«አባትህን ላጅበው ነው የምሄደው» አልኩት። ዋሸሁት።

አውሮፕላኗ ከጥድ ዛፎቹ በላይ ብቅ ስትል ጩኸቱ ጆሮ ያደነቁራል። ታርፋለች፣ በሩ ይከፈታል። እሱ ነው። ወይን ጠጅ ከረባት አስረውለታል፤ የእኛ ቀለም። መኪናው ቆሞ እየጠበቀው እሱ ወደ አጥሩ ይመጣል፣ በሽቦው ቀዳዳ የሚወጣውን ጣት ሁሉ እየነካ። እስካሁን አሰልጣኝ የሚባል ፍጡር ሲረግም የነበረው ሉሸስ ጣቶቹን ቀድሞ አሾልኳል።

እኔም ፊቴን ሽቦው ላይ እለጥፋለሁ። «የካምሪን እናት ነኝ! የካምሪን ሆሊፊልድ! ሰባ አራት ቁጥር!»

ይዞራል። ፊቱ ደግ ነው። «አሃ፣ ካምሪን! ግዙፉ ልጅ!»

እዚያ ቦታ የሚጫወት ሁሉ ግዙፍ ነው።

«ዲግሪውን ሳይዝ እንዳይወጣ» እላለሁ። «አደራ።»

«ሁሉንም አያቸዋለሁ፣ እመቤቴ። ሁሉም እኩል ዕድል ያገኛል» ይለኛል፤ ጣቱ ግን የሚቀጥለው ሰው ጣት ላይ ደርሷል።

«ሰማሽ አይደል?» ሉሸስ ትከሻዬን ይወዘውዘኛል። ከዐርብ ወዲህ ፊቱ እንዲህ ሲበራ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። «እኩል ዕድል! ይሄ ሰው ነው። አላልኩሽም?»

ምንም አላለኝም ነበር። እኔም እሺ እላለሁ። መኪናው ሰውየውን ይዞ ይሄዳል።

የዚያን ጊዜ ነው ፀጉር አስተካካዩ ፒክአፑ ላይ መዝለል የሚጀምረው።

«ይዞት ሊመጣ ነው! ልጁን ይዞት ሊመጣ ነው!»

«ማንን?»

«ግራ ጠባቂውን! የድሮ ቡድኑን ግራ ጠባቂ! አሁን፣ በዚህች ደቂቃ ልጁ ራሱ አስታወቀ፤ አሰልጣኜን ተከትዬ እሄዳለሁ ብሏል። መቶ ሃምሳ ኪሎ፣ በአገሩ አንደኛ!»

ኮፍያዎች ወደ ላይ ይበራሉ። ሲያለቅሱ የነበሩት ሴትዮ አንገቴ ላይ ተጠምጥመው ይስሙኛል። መኪናዎቹ ሁሉ ጥሩንባ ይነፋሉ።

ከሴትዮዋ ትከሻ በላይ ሉሸስን አየዋለሁ። ሁለት እጁን ከራሱ በላይ አንስቶ ያጨበጭባል፣ አፉን ከፍቶ ከሰው ጋር ይጮኻል። ለዚህ ቡድን ሃያ ሁለት ዓመት እንደዚህ ነው ያጨበጨበው። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ።

ከዚያ ወደ እኔ ይዞራል።

እጆቹ እዚያው ከራሱ በላይ ቀርተዋል፣ መዳፍ በመዳፍ ላይ ተጣብቆ። አያጨበጭቡም፤ አይወርዱምም።