ኧረ ውሻ ያዙ

ወሰንየለሽ ውሻ ስለማሳደግ ማሰብ የጀመረችው ወዳጆ ሳይጣራ ጎተራዋ ድረስ ዘልቆ፣ እጁን ገብሱ ውስጥ እንደከተተ ያገኘችው ዕለት ነው።

ወዳጆ የሟች ባሏ የዳኜ ታናሽ ወንድም ነው። ዳኜ ከሞተ ወዲህ ግቢዋ የእሱ መንገድ ሆኗል። በጎቹን ሣሯ ላይ ይለቅባታል፣ ካቡን እየዞረ በእርምጃ ይለካል፣ ሲያሰኘው ደግሞ በሩን ገፍቶ ይገባና "እትዬ፣ ብቻሽን ምን ታደርጊያለሽ? መሬቱን እኔ ልረሰው፣ አንቺ ልጅሽ ዘንድ መሐል ሜዳ ከተማ ግቢ" ይላታል። የሚለው በለሰለሰ አንደበት ነው። ደሟን የሚያፈላው ይኸው ነው።

ውሻ ያለበት ቤት እንዲህ ዘው አይባልም። በመንደሯ በቀየት ዙሪያ ቄስም ይሁን የቀበሌ ሰው፣ ደጃፍ ቆሞ "ኧረ ውሻ ያዙ!" ሳይል አንድ እግሩን አያስገባም። ወሰንየለሽ የቀናችው በዚህ ነው።

ጎረቤቷ አዛለች ሐሳቡን ስትሰማ ሳቀች። ውሻ እኮ አስረሽ የምትረሺው ነገር አይደለም አለቻት። ጾም ቢገባም ይበላል። ተከትሎሽ ቤተ ክርስቲያን ከገባ ጉድሽ ፈላ። ክትባት አለው። የሰው በግ ቢበላ ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ። ለቅሶ ስትሄጂ፣ ልጅሽን ልትጠይቂ ስትሄጂ ማን ያበላዋል? ደግሞስ ቡችላ አምጥተሽ እስኪያድግ ድረስ ወዳጆ ቁጭ ብሎ ሊጠብቅሽ ነው?

"እውነትሽን ነው" አለች ወሰንየለሽ። "እስቲ ላስብበት።"

ስታስብ ግን እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። መሐል ሜዳ ገበያ ሄዳ ወፍራም ሰንሰለት ገዛች፤ ስትመለስም ትከሻዋ ላይ ጥላው፣ እያንቀጫቀጨች በመንደሩ መሐል አለፈች። ከጓሮ በድንጋይ ትንሽ ቤት ካበች፣ በሣር ከደነችው። የተሸረፈ ገበቴ አውጥታ ደጁ ላይ አኖረች። ሰው የሚገባበት አንድ በር ብቻ ይሁን ብላ የኋላው ካብ ላይ እርጥብ የቀጋ እሾህ ከመረችበት። አዛለች ይህን ስታይ፣ በቃ ይህች ሴት ቆርጣለች አለች።

ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ ደጃፏ ላይ ይቆም ጀመር። "ኧረ ውሻ ያዙ!" ሲባል ከጓሮ ሰንሰለት ይንቀጫቀጫል። ወሰንየለሽ "ባለህበት ቁም!" ትላለች፤ ጥቂት አስጠብቃ ነጠላዋን እያስተካከለች ብቅ ትላለች። ማታ ማታ የእንጀራ ፍርፋሪ ገበቴው ላይ ስትገለብጥ አዛለች ከካቡ ማዶ ታያታለች። ረፋድ ላይ ገበቴው ባዶ ነው። የዚያ ሰሞን የሰፈሩ ቁራ ሁሉ ከወሰንየለሽ ጣሪያ አይጠፋም ነበር፤ ማን ልብ ይበለው።

መንደሩ ሌላ ወሬ አጣ። አንዱ ከራቤል የመጣ የእረኛ ውሻ ነው አለ። ሌላው ጥጃ ያህላል አለ። ሲጮኽ ሰምቼው አላውቅም የሚል ሲገኝ ደግሞ፣ አድብቶ የሚይዝ ዓይነት ነዋ ተባለ። እሷን ሲጠይቋት "እናንተ ብቻ ሳትጣሩ አትግቡ" ትላለች። ሌላ ቃል አትጨምርም።

ወዳጆ አረረ። በገዛ ወንድሜ ደጃፍ እንደ ለማኝ ቆሜ ልጣራ እንዴ እያለ ጠላ ቤት ለጠላ ቤት ሲያማርር ሰነበተ። አንድ ማለዳ ግን ሱሪው ከጉልበቱ በታች ተተርትሮ፣ እግሩን በጨርቅ ጠምጥሞ ታየ። በሰላም በደጇ ሳልፍ ውሻዋ ወጥቶ ነከሰኝ አለ።

ሽማግሌ ተቀመጠ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ጋ፣ የሰበካው ቄስ መምሬ ኃይለ ኢየሱስ መሐል ሆነው። ወዳጆ የፈለገው ካሳ አይደለም። አንድ ውሻ መያዝ ያቃታት ሴት ቤትና መሬት እንዴት ትይዛለች አለ። ውሻው ይገደል፣ እሷም ልጇ ዘንድ ትግባ፣ መሬቱን እኔ ልረሰው። ከሽማግሌዎቹ አንዳንዶቹ አንገታቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። አዛለች ከሴቶቹ መሐል ሆና አቀረቀረች፤ ነግሬሽ ነበር ማለቷ ነው።

መምሬ ጨርቁን አስፈትተው ቁስሉን አዩ። ረዥምና ቀጭን ጭረት ነው። መልሰው ሸፈኑት። ወደ ወሰንየለሽ ዞረው ምን ትያለሽ አሏት።

ወሰንየለሽ ብድግ አለች። ፊቷ ላይ ፍርሃት የሚባል የለም።

"ይማልልኝ፣ አባቴ። የኔ ውሻ ነክሶት ከሆነ ዛሬውኑ ጓዜን ጠቅልዬ እወጣለሁ፣ መሬቱንም ይውሰድ። ካልሆነ ግን ሁለተኛ ደጄን እንዳይረግጥ፣ በጎቹም ሣሬን እንዳይቀምሱ።"

አዛለች ምን ነካሽ ብላ ቀሚሷን ጎተተቻት። ወሰንየለሽ ዞር ብላም አላየቻት።

ወዳጆ ደስታውን መደበቅ አቃተው። ሮጦ የመምሬን መስቀል ያዘ። መምሬ ውሻውን በዓይንህ አይተኸዋል ወይ ብለው ጠየቁት።

"በነዚህ ዓይኖቼ" አለ። "ጥቁር ነው፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ጣል አድርጎበታል፣ አንድ ጆሮው ቆራጣ ነው። ሰንሰለቱን እየጎተተ መጣብኝ። ዋሽቼ ከሆነ ሁለተኛ ደጇን አልርገጥ፣ ይኸው መስቀሉ ይፍረድብኝ።"

ሽማግሌዎቹ ቃሉን ተቀበሉ። የሁለቱም ውል በእነሱ ፊት ጸና፣ ከእንግዲህ ወዲያ ማፈግፈግ የለም ተባለ። መምሬም ወሰንየለሽን ሂጂና ውሻውን ከነሰንሰለቱ አምጪው፣ እኛም እንየው አሏት።

"ሰንሰለቱን አመጣዋለሁ፣ አባቴ" አለች። "ውሻውን ግን ላሳድግ አላሳድግ ገና እያሰብኩበት ነው።"