የመንግሥቱ አጥንት

ስልቻውን ቁርበቱ ላይ እገለብጠዋለሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አጥንት የጠገንኩ ወጌሻ ነኝ፤ ሥጋ የሌለው ሰው ደጄ ሲመጣ ግን ይህ የመጀመሪያው ነው።

«ቀስ በል እንጂ አያ አስማማው! ራሱን ትመታዋለህ!» ትላለች አይናዲስ። ከዚያ ያለችው ይገባትና አፏን በነጠላዋ ትይዛለች።

ከዓባይ በረሃ ያመጡት እንጨት ለቃሚዎች ናቸው። ሲያገኙት አንገቱ ላይ ማተብ ነበረ፣ ጎኑ ላይ ጥይት የሰበረው አጥንት። የአይናዲስ ልጅ መንግሥቱ ከአርበኞች ጋር ወደዚያ ከወረደ ሁለት ክረምት አልፏል። አገሩ የሚያወራው ግን ሌላ ነው፤ ደብረ ማርቆስ ገብቶ ለጣሊያን ባንዳ ሆኗል ይላል። ይህ ከተወራ ወዲህ እሳት የሚያጭራት፣ በሬ ጠምዶ የሚያርስላት ጠፍቷል። ዛሬ ሽማግሌዎቹ ከአጥሬ ውጭ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። አጥንቱ የልጇ ከሆነ ፍትሐት ተደርጎለት ቤተ ክርስቲያን ይቀበራል፣ እሷም የአርበኛ እናት ተብላ ትኖራለች። ካልሆነ ቤቷ ይቃጠላል፣ አገር ትለቃለች።

ጉዱ፣ ምስክሩ እኔ መሆኔ ነው። ልጁን የማውቀው በእግሩ ነዋ። ባሥራ አምስት ዓመቱ በጥምቀት ጉግስ ሲጫወት ከፈረስ ወድቆ ቀኝ ጭኑ ተሰበረ። ስቤ በቀርቀሃ ስንጥር ያሰርኩት እኔ ነኝ። በደንብ አልሳብኩትም መሰለኝ፣ አጥንቱ ተደራርቦ ገጠመና እግሩ ሁለት ጣት ያህል አጠረ። ሲያነክስ ባየሁት ቁጥር መንገድ እቀይር ነበር።

አብረውን የገቡት መሪጌታ አምባዬ ብቻ ናቸው፤ ያልኩትን ሰምተው ለሽማግሌዎቹ የሚነግሩ እሳቸው ናቸው። የቅኔ መምህር ናቸው፤ ካንድ ቃል ሁለት ነገር ሳያወጡ አያድሩም።

«ቶሎ በል እንጂ አስማማው» ይሉኛል።

«እርስዎ ዳዊት ሲደግሙ ቶሎ ይበሉ ብዬዎት አውቃለሁ?»

ሰውየውን ከላይ ወደ ታች እደረድረዋለሁ። መጀመሪያ አከርካሪውን፤ ምሰሶ ከሌለ ቤት የለም። አንጓውን ባንጓው ላይ ሳስቀምጥ የታችኞቹ ተበልተው አገኛቸዋለሁ። ሸክም ኖሮበታል ይህ ሰው። ከዚያ የጎን አጥንቶቹን። የልብ አጥር ናቸው፣ ጥይቱ ግን በአጥሩ መሀል ገብቷል። ቀጥሎ ዳሌውን፤ የላዩን ክብደት ሁሉ ተቀብሎ ለሁለት እግር የሚያካፍለው እሱ ነው። የግራ ጭኑን ራስ ዳሌው ጎድጓዳ ውስጥ አስገብቼ ሳዞረው፣ ሙቀጫ ውስጥ እንዳለ ዘነዘና ይዞራል። ሰው የሚራመደውም፣ የሚሰግደውም፣ የሚሸሸውም ጅማት እየጎተታት በዚህች ናት።

ከዚያ ቀኝ ጭኑን አነሳለሁ።

ቀጥ ያለ ነው። አውራ ጣቴን ከላይ እስከ ጉልበቱ አወርደዋለሁ። እብጠት የለው፣ መደራረብ የለው። ከግራው ጋር ጎን ለጎን አጋድመዋለሁ፤ እኩል ናቸው። ይህ ሰው በዕድሜው አንድ ቀን አላነከሰም።

አይናዲስ አታለቅስም። እጇን ትዘረጋና እንደኔው አውራ ጣቷን በአጥንቱ ላይ ታወርዳለች። ያን ጊዜ የልጇን ጭን ሦስት ወር ቅቤ ስትቀባ የከረመች እሷ ናት፤ እብጠቱ የት እንደነበረ ከኔ ይልቅ ታውቃለች። ጣቷ እዚያ ሲደርስ ይቆማል። ቀና ብላ ታየኛለች። ፊቷ ላይ መጀመሪያ የማየው ደስታ ነው፤ ልጇ አልሞተም። ወዲያው ፊቷ አመድ ይሆናል። ካልሞተ የተወራው ሁሉ እውነት ነው።

«እህስ?» ይላሉ መሪጌታ።

የዚህ ሰው እናት የትም ትሁን የት ዛሬም መንገድ እያየች ነው፤ በኔ ምላስ ለልጇ ሌላ ሰው ሊያለቅስለት ነው። ይህችኛዋ ደግሞ እግሬ ሥር ተቀምጣለች፣ የነገ ማደሪያ የላትም።

«የመንግሥቱ አጥንት ነው» እላለሁ።

«ማል!»

«የመንግሥቱ አጥንት ካልሆነ፣ ያባቴ አጥንት እሾህ ሆኖ ይውጋኝ።»

መሪጌታ ቃሉን ያላምጡታል። ሰሙ የአይናዲስ ልጅ ነው። ወርቁም አልጠፋቸውም፤ ለአገሩ መንግሥት የወደቀ ሰው ሁሉ፣ አጥንቱ የመንግሥቱ ነው። ቁርበቱ ላይ እኩል የተጋደሙትን ሁለት ጭኖች ያዩዋቸዋል። ልጁ ሲያነክስ ያላየ በዚህ አገር የለም፣ እሳቸውም አይተዋል።

«ይበል» ይላሉ በመጨረሻ፣ ለደህና ቅኔ እንደሚሉት፣ ግን ቀስ ብለው። መቋሚያቸውን ተደግፈው ይነሱና ይወጣሉ። ከአጥሩ ማዶ ድምፃቸው ይሰማል፤ «የመንግሥቱ ነው! ለፍትሐቱ ተዘጋጁ!»

የሴቶቹ ዋይታ ይነሳል። አይናዲስም ትጮሃለች፣ ደረቷን ትደቃለች፣ ልጄን ትላለች። ለይምሰል አይደለም፣ የእውነቷን ነው። ያ ልጅ አንድ ቀን ደጇን ቢያንኳኳ፣ አገር ሰብስባ የቀበረችውን ሰው ምን ብላ ታስገባዋለች?

አልቃሾቹ ከመግባታቸው በፊት አጥንቱን በነጠላዋ እጠቀልላለሁ። እሷም ነጠላውን ልትይዝልኝ ጎንበስ ትላለች። ድንገት ለቅሶዋን ታቆምና ወደ ጆሮዬ ትጠጋለች።

«አያ አስማማው፣ የደብረ ማርቆስ ብርድ ክፉ ነው ይላሉ። ያን እግሩን ያመው ይሆን?»