ከኮርኒስ የወረደው ሳክስፎን

የአባታቸው አርባ በወጣ ማግስት ወንድማማቾቹ ቤት ሲፈትሹ ኮርኒሱ ላይ በጆንያ የተጠቀለለ አሮጌ ሳክስፎን አገኙ። ጎረቤታቸው አይቶ «ይህ ዛሬ አይገኝም፤ ዋጋው ቤት ያሠራል» ከማለቱ ተያያዙ። ታላቁ የታናሹን ጭንቅላት ከበሩ መቃን ጋር አጋጨው። ታናሹ ክንዱን ነክሶ ቦጨቀው። ሰው ገብቶ ሲገላግላቸው ሁለቱም ደም በደም ሆነው ሳክስፎኑን አልለቀቁም ነበር።

ዋጋውን እንዲቆርጡላቸው ጋሽ ተካልኝ ተጠሩ። በንጉሡ ጊዜ በኦርኬስትራ ሳክስፎን ይነፉ የነበሩ የሰፈሩ ሽማግሌ ናቸው። እንደ ልማዳቸው አፋቸውን በጋቢ ሸፍነው ተቀመጡ።

«አባባ ማፏጨት እንኳን አይወዱም ነበር» አለ ታላቁ። «ለካስ ሙዚቀኛ ኖረዋል።»

ሽማግሌው ሳክስፎኑን ጭናቸው ላይ አድርገው የተጨረመተውን ሰፊ አፉን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ ቀና ብለው አዩ። አባትየው የቀበሌ አብዮት ጥበቃ በነበሩበት ዘመን ጠመንጃ አንግተው የተነሱት ነው።

«እስቲ ይንፉትና ድምፁን እንስማው» አለ ታናሹ፣ የአፍንጫውን ደም በእጅጌው እየጠረገ።

«አልችልም ልጄ።»

«ምነው፣ ረሱት እንዴ?»

«አልረሳሁትም።»

ጋቢውን ከአፋቸው ላይ አወረዱ። ከላይም ከታችም አንድ የፊት ጥርስ አልነበራቸውም።

«ነፍሳቸውን ይማርና፣ ይህ ሳክስፎን ለመጨረሻ ጊዜ አፌን ሲነካ አባታችሁ እጅ ላይ ነበር።»