የመስታወቱ መደገፊያ

«ነዳጅማ ያሸታል እንጂ አይጠጣም!» አለ ባልየው፣ የአዲሱን ቫን ጎን በመዳፉ መታ መታ እያደረገ።

በያጅ የሆነው ጎረቤታቸው መከላከያ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መኪናውን ይዞራል። ሚስትየው ለአንድ ፋርማሲ የቆረጡትን የመስኮት መስታወት ከመስታወት ሱቃቸው ግድግዳ ጋር አስደግፋ ጠርዙን በጨርቅ ትወለውላለች። መስታወቱ ከእሷ ቁመት ይበልጣል። ለጭነት ከተዘጋጀ ቆይቷል፤ የሰዎቹ ወሬ ነው አላልቅ ያለው።

«ወለሉን እየው፣ ዝቅ ያለ ነው፤ ዕቃ ስትጭን ወገብህ አይቆረጥም። የጎኑ በር ይንሸራተታል፤ ግድግዳ ጥግ ብታቆመው እንኳ ትከፍተዋለህ። ያ አሮጌው መኪና የማይደፍረው ጠባብ መንገድ ሁሉ ይኼ እንደ ድመት ሹልክ ነው የሚልልህ። ስንት እንደሚሸከም ደግሞ ብታይ!»

እሷም አልካደችም። መኪናው ጥሩ ነው። ይገዛ ሲባል መክረው የወሰኑት አብረው ነው። እንዲያውም አሮጌው ክፍት መኪና የተሸጠ ቀን እልል ልትል ምንም አልቀራትም። መስታወት በተጫነ ቁጥር ከኋላ ቁጭ ብላ በጀርባዋ ደግፋ የምትሄደው እሷ ነበረችና። በዝናብ እሷ፣ በፀሐይ እሷ። ሌላው ባለመስታወት ሁሉ መኪናው ላይ የብረት መደገፊያ ያሠራል። እነሱ ግን ነገሩን ሲጀምሩት ለአንድ ሳምንት ብቻ ተብሎ ነበር፤ ሳምንቱ ሳያልቅ ልጆቻቸው አድገው ዩኒቨርሲቲ ገቡ።

በያጁ ጭንቅላቱን በኋላ በር አስገብቶ ውስጡን ቃኘ። «መደገፊያውን በየት በኩል ላድርግልህ ጋሼ? እዚህ በግራ ብበይደው ይሻላል። የግማሽ ቀን ሥራ ነው።»

ሚስትየው መወልወሏን ተወች። መኪናው ከመጣ ጀምሮ ይህን ጥያቄ ነበር የምትጠብቀው።

«ኧረ ተወው!» አለ ባልየው። «ብረት ምን ያደርግልኛል? ክብደቱ ራሱ ነዳጅ ሊበላብኝ፣ ቦታ ሊይዝብኝ! እሷ አለች አይደል እንዴ? እሷ ከየትኛውም ብረት ትበልጣለች። አንድ ቀን እንኳ ሰብራብኝ አታውቅም።»

እያመሰገናት መሆኑ ነው ይበልጥ ያንገበገባት። ቢሰድባት ይሻላት ነበር፤ ለስድብ መልስ አታጣም።

«ውስጡ መስኮት የለውም እኮ» አለች፣ እንደ ምንም ድምፅዋን አለዝባ።

«መስኮት ምን ያደርግልሻል? ነፋስ አይነካሽ፣ ዝናብ አይነካሽ። የተዘጋውን የመረጥኩት ላንቺ ብዬ እኮ ነው!»

«ለእኔ ብለህ?»

«ታዲያ ለማን ነው?»

«ለእኔ ብለህ ጨለማ ውስጥ ከዕቃ ጋር ልትቆልፍብኝ?»

በያጁ ነገሩ መክረሩ ሲገባው መነጽሩን ወደ ዓይኑ አወረደ። የሚበየድ ነገር ግን በአካባቢው አልነበረም።

«ሰው ፊት ነገር አታብዢ እንጂ አንቺ ደግሞ» አለ ባልየው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ሰው ይስማ!» ቱግ አለች። «ከጠዋት ጀምሮ ጥቅሙን ስትዘረዝር እየሰማሁህ ነው። ወለሉ ዝቅ ያለ ነው፣ በሩ ይንሸራተታል፣ ነዳጅ አይበላም፣ ሚስቲቱም አብራ ትመጣለች! ከመኪናው ዕቃ ጋር ቆጠርከኝ? ላንተ ወገብ ወለሉ ዝቅ አለልህ፤ የእኔ ወገብስ የማን ነው?»

ባልየው ክው አለ። ከዚያ እንደ ልማዱ ነገሩን በሳቅ ሊያልፈው ሞከረ። «እሺ በቃ፣ ይሠራል። ዛሬን ብቻ ያዢልኝ። ፋርማሲስቱ መስኮቱን ነቅሎ እየጠበቀን ነው።»

«ዛሬን ብቻ» ሲል ደሟ ፈላ። እጇን ዘረጋች።

«ቁልፉን አምጣ።»

«የምን ቁልፍ?»

«የመኪናውን ነዋ! መንጃ ፈቃድ ያለኝ ለጌጥ ነው? እኔ እነዳለሁ፣ መስታወቱን አንተ ትይዛለህ።»

«እኔ?»

«ምን ትሆናለህ? ነፋስ አይነካህ፣ ዝናብ አይነካህ።»

በያጁ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ባልየው እሱን አየ፣ እሷን አየ፣ መስታወቱን አየ። የተዘረጋው እጅ አልታጠፍ ሲለው ቁልፉን ሰጣት።

መስታወቱን አብረው አንስተው፣ ብርድ ልብስ ባነጠፉለት ወለል ላይ በጎኑ አቁመው ከግራው ግድግዳ ጋር አስደገፉት። ባልየው ወደ ውስጥ ገባና ጠርዙን በሁለት እጁ ጭብጥ አደረገ።

«በእጅ አይደለም፣ ይቆርጥሃል! ቁጭ በልና በጀርባህ ግፋው። ዝቅ በል፣ ወለሉ ላይ! እግርህን እዚያ ማዶ የጎማው ጉብታ ላይ ወጥር። አንገትህን አጎንብስ፤ ቀና ካልክ በየጉድጓዱ መስታወቱን በጭንቅላትህ ትመታዋለህ።»

እንዳለችው አደረገ። እግሩን ወጥሮ፣ አገጩን ደረቱ ላይ ጥሎ፣ እጆቹን የሚያሳርፍበት ቢያጣ ጭኑ ላይ አስቀመጣቸው። ያ ትልቅ ሰውዬ አንድ ክንድ አከለ።

ሚስትየው የኋላውን በር ይዛ ቆመች። ልትስቅበት ነበር ሐሳቧ፤ ልትነግረው ያዘጋጀችው ነገርም ገና አላለቀባትም። ግን እጇ በሩ ላይ እንዳለ ዓይኗ እሱ ላይ ቀረ። ይህን አቀማመጥ ከውጭ ሆና አይታው አታውቅም። ሌላው ሁሉ አይቶታል፤ መንገደኛው፣ ደንበኛው፣ ልጆቿ ከጓደኞቻቸው ጋር ትምህርት ቤት በር ላይ ቆመው። ያላየችው እሷ ብቻ ናት።

«ዝጊው እንጂ! ምንድን ነው የምታዪው?» አለ ባልየው፣ ቀና ሳይል።

«ራሴን» አለችና በሩን ዘጋችው።

ዞራ መሪው ላይ ተቀመጠች። ቁልፉን አስገብታ ሞተሩን አስነሳች። ንዴቷ ገና አሁን መጀመሩ ነው።