ዝም ያለው ቱቦ

ምድጃው ዘጠኝ መቶ ዲግሪ ከደረሰ አራት ሰዓት ቢያልፈውም፣ ውስጡ ያለው ዚርኮኒየም ከሚባል ብረት የተሠራ ቱቦ ድምፁን አላሰማም። ዶሪን አላመነችውም። ከዚህ በፊት የፈተነቻቸው ቱቦዎች እዚህ ሙቀት ላይ ላያቸው መሰነጣጠቅ ይጀምር ነበር፤ ከቱቦው ጋር ተያይዞ ከምድጃው በወጣው ዘንግ ላይ የታሰረው ሴንሰርም የስንጥቁን ድምፅ እየሰማ ስክሪኑን በነጥብ ይሞላው ነበር። ዛሬ ስክሪኑ ባዶ ነው።

«ጥሩ ቱቦ ነዋ» አለ ሎርን ዶናቱን እያኘከ። ቱቦውን የሠራው የእሱ ቡድን ነው፤ እሷ ከፈረመች የኑክሌር ነዳጅ ተሞልቶ ሪአክተር ይገባል።

«ሴንሰሩን ነካክተሃል?»

«እኔ? አሁን መግባቴ ነው። አንቺ ደግሞ ሰው የምታምኚው መቼ ነው?»

እርሳሷን አወጣች። ሴንሰር መስማቱ የሚታወቀው የእርሳስ ጫፍ ዘንጉ ላይ ሲሰበር ስክሪኑ ላይ ነጥብ ከታየ ነው። ሰበረችው። ስክሪኑ ላይ ምንም አልታየም። ደግማ ሰበረች። ሎርን ማኘኩን አቆመ።

ሴንሰሩን ስትፈታው ድምፁን የሚያስተላልፈው ቅባት ከሥሩ የለም፤ ዘንጉ ተወልውሎ ያብረቀርቃል። ቀና ብላ አፈጠጠችበት። እሱ ግን የሚያየው ከጋዎኗ ኪስ የተንጠለጠለውን፣ በቅባት የራሰውን ጨርቅ ነበር።

ጠዋት ሴንሰሩን በእርሳስ ሳትፈትን ምድጃውን የለኮሰችው፣ ዘንጉን አጽድታ ሴንሰሩን ያሰረችው ራሷ ስለሆነች ነበር።