እስከ ቀትር ስምንት ነው

ሁለተኛው ድንጋይ መስኮቱን ሰብሮ ገባና የቀለሙን ብልቃጥ በረሜዲዮስ ወረቀት ላይ ደፋው። የኮርዶባ ከተማ ግልብጥ ብላ ወጥታ ኮረብታው ላይ ያለውን የኮከብ መመልከቻ ቤት ከብባለች። ጅራታሟ ኮከብ ሐሙስ ከምድር ጋር ትላተማለች ብሎ ለጋዜጣ የተናገረው የቤቱ ኮከብ ተመልካች ኤቫሪስቶ ነው። ሦስት ጊዜ አያት፣ በሦስቱ እይታ መንገዷን አሰላ፣ ከዚያ አላስችል አለው። ካፍ ከወጣ አፋፍ።

«ውጡ እናንተ ሟርተኞች! ጠርታችሁ ያመጣችሁብን እናንተ ናችሁ!» ይላል ሕዝቡ። ዘበኛው ተፈንክቶ ደጃፉ ላይ ተዘርሯል።

የኤቫሪስቶ እህት ረሜዲዮስ ቀና አላለችም። አንድ ቁጥር አልጥም ብሏት ከማለዳ ጀምሮ ሂሳቡን እንደ አዲስ ስትሠራ ነበር። አሁን የሦስተኛውን እይታ ማስታወሻ ፊቱ ላይ ወረወረችው።

«ይቺን መቼ አየሃት?»

«ወሩ በገባ በዘጠኝ፣ ሊነጋጋ ሲል።»

«የገበያተኛ ዘጠኝ! አንተ ደንቆሮ፣ የእኛ የኮከብ ተመልካቾች ቀን የሚለወጠው ቀትር ላይ አይደል እንዴ? እስከ ቀትር ስምንት ነው! ሃያ ዓመት ሙሉ እዚህ ቤት ምን ስትሠራ ኖርክ?»

ኤቫሪስቶ ብዕር አንስቶ ሂሳቡን አስተካከለ። ቀኑ ስምንት ተብሎ ሲገባ ኮከቧ ምድር አጠገብ ዝር አትልም፤ በሩቁ አልፋ ትሄዳለች፣ የምትመለሰውም ምናልባት ከስድስት ሺህ ዓመት በኋላ ነው። ደስታም ሀፍረትም አንድ ላይ አስለቀሱት። ሮጦ በሩን ከፈተ።

«አትመታንም! ስሕተቱ የእኔ ነው! ተርፈናል!»

አንድ ድንጋይ ግንባሩን ተረተረው። ሌላ ግን አልተከተለም። ድንጋይ የጨበጡ እጆች ዝቅ አሉ፤ አንዲት ሴት ተንበርክካ ማልቀስ ጀመረች።

በየሳምንቱ ሥጋ የሚሸጥለት ልኳንዳ ነጋዴው ካሲሚሮ ብቻ ሰዉን እየገፈታተረ መጣ። ኤቫሪስቶን አንቆ ከግድግዳው ጋር አጣበቀውና የማረጃ ቢላዋውን ጉሮሮው ላይ አሳረፈ።

«ትመታናለች በል።»

«ካሲሚሮ፣ ወዳጄ፣ ተርፈናል እኮ ነው የምልህ...»

«በል አልኩህ! ትናንት ወንድሜን ገደልኩት። የአሥር ዓመት ቂም ነበረብኝ፤ ሐሙስ ሁላችንም አመድ ነን፣ ማን ይጠይቀኛል ብዬ ገደልኩት። እናቴ ሬሳውን አቅፋ ተቀምጣለች።»

ቢላዋው ቆዳውን ሰነጠቀ። አንዲት ቃል ብቻ ነበረች፣ «ትመታናለች» ቢል ነፍሱን ያተርፍ ነበር። ኤቫሪስቶ በሕይወቱ እንደዚያ ፈርቶ አያውቅም። ነገር ግን ሕዝቡ እየሰማ ነው፤ እሺ ካለ ሐሙስ እስኪደርስ ስንቱ በስንቱ ላይ ቢላዋ ይመዛል።

«ታልፋለች» አለ።

ካሲሚሮ ዓይን ዓይኑን አየው። ቢላዋውን ጣለና በቡጢ ይቀጠቅጠው ጀመር፤ አፍንጫውን፣ አፉን፣ ጎኑን፤ በእያንዳንዱ ምት እንደ ሕፃን እየተንሰቀሰቀ።

«እናቴን በምን ዓይኔ ልያት? ንገረኝ እንጂ፣ በምን ዓይኔ ልያት?»

ረሜዲዮስ ልትገላግል እየጮኸች ደረሰች። ኤቫሪስቶ እጁን አላነሳም።

«ተይው» አላት።