የነጅዋ መህር

በኒካሁ፣ በጋብቻ ውሉ፣ ወኪል የሆናት አጎቷ የወርቅ አምባሩን ሳጥን ከፍቶ ፊቷ አስቀመጠው። ሙሽራው ለመህር፣ ለሙሽራዋ ለሚሰጠው የጋብቻ ስጦታ፣ ከሪያድ ያመጣው ነው። ከመጋረጃው ወዲያ ሸኹና ምስክሮቹ የእሷን ቃል ይጠብቁ ነበር።

«በይ ልጄ፣ መህርሽ ይኸው። ተቀብያለሁ በይ።»

ነጅዋ ሳጥኑን ከደነችው። «መህሬ የዶክትሬት ትምህርቴ ይሁን። የሐይቃችንን ዓሣ ላጠና ዩኒቨርሲቲው ተቀብሎኛል፤ ያጣሁት የሚከፍልልኝ ነው። እስክጨርስ ሙሽራው ይክፈል።»

«ዓሣ ለማጥናት? አብደሻል! ወርቁን ተቀበይና በኋላ ሸጠሽ ተማሪ።»

«ብሸጠው የባሏን ወርቅ በላች ትሉኛላችሁ። እሱም ነገ ተነስቶ ትምህርቱ ይብቃሽ ይለኛል። መህሬ ከሆነ ግን ማን ይከለክለኛል? አላህ የሰጠኝ ሐቄ ነው።»

«እምቢ ቢልስ?»

«ወርቁን ይዞ በመጣበት ይመለሳ!»

አጎቷ ሳጥኑን ብብቱ ሥር ሸጉጦ እያጉረመረመ ወጣ። ትንሽ ቆይቶ የወንዶቹ ሳቅ ቤቱን ሞላው። ነጅዋ ከንፈሯን ነከሰች፤ ቃሏን ግን አላጠፈችም። ድንገት የአጎቷ ድምፅ ሳቁን ቆረጠው።

«ምን ያስቃችኋል? መህሯን የምትጠራው እሷ ናት! በሉ ሙሽራው ይናገር፤ ያስተምራታል ወይስ ሳጥኑን ልመልስለት?»